ከጋምቤላ ጎዴ ስንት ሰዓት ነው?

አዳማ፣ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊዲ ሰይፈሚካኤል
ጋምቤላ

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ፣ እኔና ሸዋወርቅ ደህና ነን። «ማለቴ» የሚለውን የጨመርኩት አስቤበት ነው።

«የኤባ ወንድም ምልኬሳ ለምን ስልክ አያነሳም?» ብለሽ ለሸዋወርቅ ጽፈሽላታል። መልሱን በወረቀት የማደርገው በምክንያት ነው። ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ስልክ ላይ እጮሃለሁ፤ በስልክ የነገርኩትን ምስጢር ከግቢያችን እስከ ዋናው አስፋልት ያለ ሰው ሁሉ ይጠብቅልኛል። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ ሸዋወርቅ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልካለች። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ድምፅ ያሳብቃል፤ ወረቀት ግን ፊቱ አይለዋወጥም።

አሁን በር ዝጊና ተቀመጪ።

አማትሽ አዴ ገላኔ ትናንት ማለዳ ቡልቡላ ዐረፉ። ቁርሳቸውን በልተው፣ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ሽንኩርት የሚጭነውን መኪና እያዩ ተቀመጡ፤ መኪናው ሞልቶ ሲሄድ እሳቸውም ሄደው ነበር። ቀብሩ ዛሬ ተፈጸመ። ነፍሳቸውን ይማር።

ባልሽ አልሰማም። «እናትህ ጸበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ተብሎ ተነግሮታል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቱ የሞቱ ጊዜ ሻሸመኔ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ጎረቤት ከአውቶቡስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ኤባ፣ እግዜር ያጥናህ!» ብሎት እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ኤባ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። አዴ ገላኔ ያን ዕለት ክንዴን ይዘው «የእኔን ግን ቤቱ ተቀምጦ፣ ማለዳ፣ በወገኖቹ መሃል ይስማ» ብለው አስማሉኝ። ለትዳራችሁ ሽማግሌ የተላክሁትም፣ የዕድሩ ጸሐፊም እኔ ነኝ። መሐላውን በማን ላይ ልጣለው?

ሥራው ያንቺ ነው። ጎዴ ትሄጃለሽ፤ «ናፍቀኸኝ መጣሁ» ትይዋለሽ፤ ከዚያ የአየር ጠባይ ከሚመዘግብበት አውሮፕላን ማረፊያ ፈቃድ አስወጥተሽ ይዘሽው ትመጫለሽ። የሚጠረጥር የለም። ተጋብታችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቤት የኖራችሁት አምስት ወር ነው፤ ብትናፍቂው አይፈረድብሽም።

ርቀቱን ለክቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው አትላሱን አይጥልም። ከጋምቤላ እስከ ጎዴ በማስመሪያ ሲለካ አንድ ሺህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ስድስት መቶ ይበራል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ። ነገ ጠዋት ብትነሺ ለምሳ ጎዴ ነሽ፣ ዓርብ ለሰልስቱ ቡልቡላ ናችሁ።

አይዞሽ።

ገብረወልድ


ጋምቤላ፣ ሐሙስ ኅዳር 12

ይድረስ ለጋሼ ገብረወልድ፣

እግዜር ያጥናን። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ላይ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ ሥር ቆሜ ነው። «በር ዝጊና ተቀመጪ» የሚለው ላይ ስደርስ የሚዘጋ በርም የሚቀመጡበት ወንበርም አልነበረም። የሳል ሽሮፕ የምሰጣትን ሴትዮ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ» እንደ ማለት «ነፍስ ይማር» አልኳት። «አሜን» ብላኝ ሽሮፕዋን ይዛ ሄደች።

አዴ ገላኔ ባለፈው እሑድ ደውለው «መቼ ነው አንድ ጣሪያ ሥር የምትገቡት? ወይስ ደመናውን ነው ያገባሽው?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እሑድ እኮ ነው ጋሼ። አራት ቀን።

እትዬ ሸዋወርቅ «አለቀስሽ ወይ?» ብለውኛል። አላለቀስኩም። አብራኝ የምትኖረው ሀኒ ከቡልቡላ አጠገብ የባቱ ልጅ ናት፤ እዚህ ካለቀስኩ ኤባ ጎዴ ሆኖ ከምሳ በፊት ይሰማል። ለቅሶዬን ለሌላ ቀን አዛውሬዋለሁ።

ስለ አትላሱ። ከጋምቤላ ጎዴ የሚበር አውሮፕላን የለም። ሁለቱን ከተሞች የሚያስተዋውቃቸው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ አራት መቶ ሰባ፣ ከዚያ ጎዴ ስድስት መቶ ሠላሳ ገደማ፤ ቢደምሩት ከማስመሪያዎ የሚበልጠው በሰባ ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩ መንገዱ ሳይሆን መቀመጡ ነው። አየር ላይ የምቆየው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወንበር ላይ የምቆየው አንድ ቀን። ለዚያውም እስከ ቅዳሜ ቦታ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ እገባለሁ፤ የጎዴው በረራ ጠዋት ስለሆነ አድሬ እሑድ ነው። ሰልስቱ አመለጠን።

ከአለቃዬ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ምክንያቱን «ባሌ ናፈቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮው በሙሉ አነበበው።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። ኤባ ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ቁርስ በላሽ?» አለኝ። ጋሼ፣ ይህ ሰው ስለ ነፋስ አቅጣጫ እንጂ ስለ ቁርስ ጠይቆኝ አያውቅም። ቀጥሎ «ሀኒ አጠገብሽ አለች አይደል? ብቻሽን አትሁኚ» አለኝ። ቀጥሎ ዝም አለ። ዝምታው ለስላሳ ነበር፤ ታማሚ አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ዝምታ። ሰምቶ ይሆን? ከሰማስ ለምን እኔን ያባብለኛል?

ደግሞ አውሮፕላኑ በሰዓት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚበር ማን ነገረዎት? አትላስ ላይ አይጻፍም።

ልጅዎ ሊዲ


አዳማ፣ ሐሙስ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ልጄ ሊዲ፣

ስድስት መቶውን የነገረኝ ኤባ ነው።

ጠብቂ፣ ወረቀቱን አትጣይው። ማክሰኞ ቀን፣ የአዴ ገላኔን ሞት እንደሰማሁ፣ አንቺን ለመላክ ሳስብ ቁጥር አስፈለገኝ። ቁጥር ሲያስፈልገኝ የሚያውቀውን ሰው እጠይቃለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንዲሁ ነው ያስተማርኩት። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ የማውቀው ሰው ደግሞ አንድ ነው። «ልጄ ኤባ፣ ከጋምቤላ ጎዴ በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። መርዶ ሊነገረው ያለውን ሰው የመርዶውን መንገድ አስለካሁት። በአገራችን በሰላም ቀን የመንገድን ሰዓት በደቂቃ የሚጠይቅ ሽማግሌ እንደሌለ ከላክሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

የመለሰልኝ ይኸው፣ ቃል በቃል፦

«ጋሼ፣ በሰዓት ስድስት መቶ ያህል ይበራል፤ ቀጥታ ግን የለም። ለምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል፤ ጋምቤላ ያለችን ሊዲ ብቻ ናት። አባባ ሰይፈሚካኤል ከመስከረሙ ሕመም ወዲህ እንዳልተመለሱ እሷም ትጠረጥር ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነግራት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ «ቀጥታ ግን የለም» የሚለውን ግን ከድንጋጤ የተነሳ ዘለልኩት። አባትሽ አልሞተም፤ ስኳሩም ልኩ ላይ ነው። ነገር ግን «ሰይፈሚካኤልማ ደህና ነው» ብዬ ብመልስለት ኤባ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ታዲያ ማን ነው?» ያን ጊዜ ጎዴ አሸዋ ላይ፣ ብቻውን፣ ከስልክ መስታወት ላይ ሊያነበው ነው። መናኸሪያው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ «እግዜር ያጥናን። ሊዲን እኛ እናመጣታለን፤ አንተ ከዚያ አትነቃነቅ» ብዬ መለስኩ። የአርባ ዓመት ጓደኛዬን ሳላስፈቅደው ቀበርኩት። ኤባ አንቺን የሚያባብልሽ ለዚህ ነው፤ እሱ የሚያስበው የአንቺን አባት መርዶ እንደያዘ ነው። ዝም ብለሽ ተባበይለት።

አባትሽ ትናንት ማለዳ ቡልቡላ ለቅሶ ሄዶ እዚያው ሰንብቷል። ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶት እኔ ጋ ነው። ይህን የምነግርሽ ብትደውዪ እንዳትደነግጪ ነው።

ገብረወልድ


ጋምቤላ፣ ዓርብ ኅዳር 13

ጋሼ ገብረወልድ፣

የሞተው አባባ ነው ወይ?

ሰላምታ አላስቀደምኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሀኒ «ምን ያስቅሻል?» እስክትለኝ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ «እንዳትደነግጪ» የሚለው ቃል ላይ ተመልሼ ደነገጥኩ።

አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩለት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ምልኬሳ ጋ ደወልኩ። «አባባ እዚያ አለ?» ስለው «አሁን ወጣ አሉ፤ ሲመለሱ አስደውልሻለሁ» አለኝ። አሁን ወጣ አሉ! ስለ ማን እንዲህ እንደሚባል እኔም እርስዎም እናውቃለን። እስካሁን አልተደወለልኝም።

እማዬ የሞተች ጊዜ ጅማ ተማሪ ነበርኩ። «እናትሽን ትንሽ ጉንፋን ይዟታል፤ ፈተናሽን ስትጨርሺ ብቅ በይ» ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ተረጋግቼ ፈተናዬን ተፈተንኩ፤ ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። እማዬ ግን ያን ጊዜ ከተቀበረች ስድስት ቀኗ ነበር። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ትናንት አውጥቼ ከአሁኑ ጋር አስተያየሁት። ያው ቆንጆ ጽሕፈት ነው ጋሼ፤ አንዲት ፊደል አልተንቀጠቀጠችም።

ለእኔ የኤባ እናት ሞቱ ብለው ጽፈዋል። ለኤባ የእኔን አባት ሞት አምነው «እግዜር ያጥናን» ብለው ጽፈዋል። ከሁለታችን አንዳችንን ዋሽተዋል፤ የቱን እንደሆነ በምን ልለየው? ምናልባት እውነቱ የተነገረው ለኤባ ነው። ምናልባት አዴ ገላኔ በእርግጥ ጸበል ናቸው፤ እኔ ደግሞ ባሌን አመጣለሁ ብዬ የምነሳው ሳላውቀው በባሌ እጅ ገብቼ የራሴን መርዶ እንድሰማ ነው። ይህን የመሰለ ነገር እርስዎ ያቅዳሉ። አቅደውም ያውቃሉ።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ነገ እነሳለሁ፤ ማንን ለማምጣት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሊዲ


አዳማ፣ ዓርብ ኅዳር 13

ልጄ፣

አሥራ አንድ ሳይሆን አሥራ አራት ጊዜ ነው የደወልሽው። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ እየተንቀጠቀጠ ስምሽን ሲያሳየኝ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ ላነሳው እጄን ሰደድኩ። የአባትሽን ስልክ ሌላ ሽማግሌ አንስቶ «ሃሎ!» ብሎ ሲጮህብሽ ምን እንደምትሰሚ አስቤ እጄን መለስኩ።

አባትሽን በምልኬሳ ስልክ ላገናኝሽ ብዬ ቡልቡላ ደወልኩ። «የሰይፈሚካኤል ልጅ አልሞተም ወይ ትላለች!» ብዬ ስጮህ ድንኳኑ በሙሉ ሰማኝ፤ ምልኬሳ ዘጋብኝ። ልክ ነው፤ እኔም እዘጋ ነበር።

የጅማውን አልክድም። ሃያ ስድስት ዓመት በዕድሩ ጸሐፊነት ስንቱን ሰው ሳይወድቅ፣ ሳይሰበር ቤቱ አስገብቻለሁ፤ ሁሉንም በውሸት። አሁን አንድ እውነት ለመናገር ብፈልግ የምናገርበት ቃል የለኝም፤ ቃሎቼን ሁሉ ለሌላ ሥራ አውያቸዋለሁ። «ሰይፈሚካኤል በሕይወት አለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። በጻፍኩት ቁጥር የባሰ የሞተ ይመስላል።

ሾፌሩ ጫምሳ ከቅዳሜ ጀምሮ አዲስ አበባ ነው፤ ቁጥሩን ከታች ጽፌያለሁ። ከጎዴ ስትመለሱ ቡልቡላ ያደርሳችኋል። ኤባ ፊት ወዴት እንደሚሄድ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

ብታምኚኝ ደስ ይለኛል። ባታምኚኝም ኤባን አምጪው።

ገብረወልድ


ቡልቡላ፣ ማክሰኞ ኅዳር 17

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ገብረወልድ፣

ጫምሳ ደውሎልዎት ትናንት ማለዳ ባደርንበት የጎረቤት ቤት ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሲገቡ ኤባ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኙት። አፍዎን ሳይከፍቱ «ዐውቄዋለሁ ጋሼ፣ አይድከሙ» አለዎት። ያን ጊዜ እኔን አዩኝ። «ማን ነገረው?» ማለትዎ ነበር። ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። መልሱ ይኸው።

ቅዳሜ አዲስ አበባ ስገባ ስልኬ ላይ ከምልኬሳ ቁጥር ሁለት ጥሪ አገኘሁ፤ አየር ላይ ሳለሁ የተደወለ። መልሼ አልደወልኩም። ለመደወል ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ካልደወልኩ አባባ አለ። ያን ቀን የሚያስፈልገኝ ይኸው ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት በአገር ውስጥ ተርሚናል ለጎዴ በረራ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ጎን ለጎን የጋምቤላ ሰልፍ አለ። እዚያ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው በእኔ መጠን የተገዛ ጥቁር ሹራብ በክንዱ ይዟል። በእኔ መጠን መሆኑን ያወቅሁት ሰውየው ባሌ ስለሆነ ነው። «አትነቃነቅ» ያሉትን አልሰማዎትም፤ እኔን ሊያመጣ ከጎዴ ቅዳሜ ተነስቷል። ከስምንት ወር በኋላ ሁለታችንም አንድ ከተማ አድረን፣ ሁለት ፔንሲዮን።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«አንተ ጋ። አንተስ?»

«አንቺ ጋ።»

ከዚያ እኩል «አይዞሽ» «አይዞህ» ተባባልን። እኩል «እኔ ምን ሆኜ?» አልን። የሁለታችንም ፊት ባንድ ጊዜ ደም ሲጠፋው አየሁ ስል የእኔንም ጭምር ነው፤ በእሱ ፊት ላይ አየሁት። ፍተሻ ላይ ያለችው ልጅ «ወይ ግቡ ወይ ውጡ፤ መንገድ አትዝጉ» አለችን። ወጣን።

ጫምሳ ስደውልለት «ከጎዴ ባንዴ?» ብሎ ተገርሞ መጣ። ሁለታችንን ሲያይ ሬዲዮውን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። ምን ያስማሉት ነገር ነው! ኤባ ውሃ ይከፍትልኛል፣ እኔም እከፍትለታለሁ፤ ደብረ ዘይትን ሳናልፍ አራት የተከፈተ ጠርሙስ ይዘን ነበር። «ትንሽ አሟቸው ነው አሉ እንጂ» አለኝ። «እኔም የሰማሁት ትንሽ አሟቸው ነው» አልኩት። ስለ ማን እንደምናወራ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ጋሼ፣ ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መኪናው ቀጥ ካለ አዳማ ነው፤ አዳማ ያለው የእኔ ቤት ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ፤ ቡልቡላ ያለው የእሱ ቤት ነው። «ቡልቡላ ያደርሳችኋል» ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ ግን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ዐይኔን ከጫምሳ እጅ አልነቀልኩም። ኤባም ወደዚያው ያያል። ሰሌዳው ከሩቅ ታየ። እጄ በኤባ እጅ ውስጥ ነበር።

ጫምሳ የቀኝ ፍሬቻ አበራ።

«ተመስገን» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት ጋሼ። አፌን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ባሌ የእናቱን ሞት የሰማው በመርዶ ነጋሪ አይደለም፣ ከአውቶቡስ መስኮትም አይደለም። ሚስቱ አምላኳን ስታመሰግን ነው።

ኤባ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። አልጮኸም። «እናቴ ናት ማለት ነው» አለ፤ የነፋስ ፍጥነት እንደሚያነብ ሰው። ጫምሳ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና ጀርባውን ሰጠን። የከባድ መኪና ሾፌሮች እየጮሁብን ያልፋሉ። እዚያ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ዘመድ በሌለበት አለቀሰ። መሐላዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ትናንት እርስዎ ከወጡ በኋላ ድንኳኑ ስንደርስ አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሳየው የወጣኝ ጩኸት ከመንገድ ማዶ ሰው አስነስቷል። ሴቶቹ «ምራት ማለት እንዲህ ናት!» ብለው ደገፉኝ። አባባ ብቻ «ምነው ልጄ፣ እኔን አይተሽ ነው እንዴ የምትጮኺው?» አለኝ። አሁንም አልመለስኩለትም።

ኤባ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለን በቲማቲም ማሳዎቹ ዳር ስንሄድ ቆመ።

«የጋሼ ጥያቄ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የመጣችብኝ እናቴ ናት» አለኝ። «ጸበል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ከዚያ ጋምቤላ የሚለውን አየሁ። አባትሽ ናቸው አልኩ። አባትሽ ይሁኑ አልኩ። ነፍስ ይማር ብዬ የጻፍኩት ቶሎ እንዲጸና ነው፤ ጋሼ ሳይክዱኝ። አምነው ሲመልሱልኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሹራብ ስገዛልሽ እንኳ እያፏጨሁ ነበር።»

መሄድ ጀመርኩ፤ ተከተለኝ።

«ተመስገን ያልኩት እኔ ነኝ ቀድሜ። አንቺ ብቻ ነሽ የተሰማሽው» አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ለአባባ እንዳትነግሪያቸው» አለኝ።

ለእርስዎ የነገርኩት ስለጠየቁኝ ነው። አባባ አሁን ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስጽፍ ያየኛል። «ለገብረወልድ ነው? ምን ትይዋለሽ ይሄን ሁሉ?» ይለኛል።

«ሰላምታ ነው» አልኩት።

ሊዲ